ለእናቴ ብዬ የሠራሁት አዳራሽ

ቤት የሚሠራ ሰው ሚስማር ሊያጣ ይችላል፣ ቆርቆሮ ሊያጣ ይችላል፣ ምክር ግን አያጣም። እንጨቱ ገና ሳይቆም መካሪው ይቆማል። አንዱ በሩን ወደ ምሥራቅ አድርገው ይላል፤ ሌላው አጎቱ በሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ምን እንደ ደረሰበት ያጫውትሃል። በተለይ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ስለ ሌላው ቤት አሠራር ያለው ዕውቀት ያስደንቃል። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ተከራይቼ ስኖር የአርብ ገበያ ከተማን ቤት ሁሉ በሐሳቤ አፍርሼ ሠርቻለሁ።

ተራው ለእኔ ሲደርስ ግን የማንንም ምክር የማልሰማ ሰው ሆንሁ። ሥራዬ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲያገላብጥ የሚውል ሰው፣ ውሎ ሲያድር ራሱም ዳኛ የሆነ ይመስለዋል። በቤቱ ጉዳይ ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ መዝገብ ያዡም እኔው ነበርሁ። ለባለቤቴ ለአዝመራ የቀረላት የተከሳሽነቱ ቦታ ብቻ ነው።

ክርክሩ ቤቱ ወለል ያለ አንድ አዳራሽ ይሁን ወይስ በግድግዳ ይከፋፈል የሚል ነበር። እኔ አዳራሽ አልሁ። በስልኬ ያየኋቸው የዘመኑ ቤቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ማብሰያው፣ መብያው፣ መቀመጫው አንድ ላይ፣ ሰው ከሰው ሳይደበቅ። አዝመራ ደግሞ ክፍል አለች። ምክንያቷን ስጠይቃት፣ ሰው በር ይፈልጋል፣ አለችኝ። ይህችን ታህል አጭር መከራከሪያ በሥራ ዘመኔ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ውድቅ አደረግኋት።

እውነቱን ለመናገር ግን የክርክሩ ሥር ስልኬ አልነበረም። እናቴ ነበረች።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናቴ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ብቻዋን ቀረች። ባለፈው ክረምት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ጭቃው አዳልጧት ወገቧን ተጎዳች። ጎረቤት እስኪያገኛት ድረስ ዝናብ እየወረደባት ብዙ ቆይታለች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ሥራ ማለት አይሆንልኝም፤ እጄ መዝገብ ይገልጣል፣ ልቤ ስማዳ ወንዝ ዳር ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ኪራይ ቤታችን አመጣናት፤ ሁለት ጊዜም ሳምንት ሳትሞላ ተመለሰች። መጀመሪያ ዶሮዎቼን አውሬ ይጨርሳቸዋል አለች። ሁለተኛ ጊዜ የማኅበር ተራዬ ደርሷል አለች። የማኅበሩ ተራ ገና አራት ወር እንደሚቀረው የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው።

ለምን ሄደች? ደጋግሜ አሰብሁና መልሱን አገኘሁት ብዬ አመንሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በአንድ ሰፊ ክብ ቤት ውስጥ ነው። ባሏ፣ ሰባት ልጆቿ፣ መንገደኛው፣ አዲስ የተወለደ ጥጃ ሳይቀር በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ነበር የሚያድረው። እኛ ደግሞ ኪራይ ቤታችንን በመጋረጃ ከፍለን አፈንናት። እንግዲያው መድኃኒቱ ሰፊ ቤት ነው፤ ሁላችንም እሷን የምናይበት፣ እሷም ሁላችንን የምታይበት። እናትና ልጅን በግድግዳ መለየትማ ነውር አይደለም?

አዝመራ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችና፣ ታዲያ እኔና አንተ የት ልንተኛ ነው፣ አለችኝ። ጥያቄው አግባብነት ያለው ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከኋላ በኩል በርና ቁልፍ ያለው አንድ መኝታ ቤት እንዲሠራልን ወሰንሁ። የትኛው ሕግ ነው ልዩ ሁኔታ የሌለው? እሷም ልዩ ሁኔታው ለእናትህ ያልሠራው ለምንድን ነው፣ ስትል ጠየቀች። መዝገቡን ዘጋሁት።

ቤቱ አለቀ። እናቴም ለጠበል ርጭቱ መጣች። ገና በሩን አልፋ ስትገባ ቀና ብላ ጣሪያውን፣ ዘወር ብላ ጥጋጥጉን አየችና፣ ይሄማ ልጄ ታቦት ያሳድራል፣ አለች። እኔም ኩራት ተሰማኝ። አልጋዋ በአዳራሹ ምርጥ ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ተዘረጋ። የሁለቱ ልጆቼ አልጋ ከወዲያ ማዶ ሆነ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

የሆነው እንዲህ ነው። እናቴ ማለዳ ተነሥታ ለጸሎት ስትቆም አንዱ ልጅ ይነቃል፤ ያ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል፤ እኔም ድምፅ ሰምቼ ወጥቼ ምን ላምጣልሽ እላታለሁ። እሷም በግማሽ ያቆመችውን ጸሎት ትታ፣ ምንም ልጄ፣ ትለኛለች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ከጠረገች ልጆቹ አያቴ አለቀሰች ብለው ይጮኻሉ፤ አዝመራ ከምድጃው፣ እኔ ከመኝታ ቤቴ፣ የቡና ጎረቤታችን ከደጅ ሮጠን እንሰለፋለን። ጢስ ነው ትለናለች። ቅዳሜ ከሰዓት የሠፈሩ ጎረምሳ ኳስ ሊያይ ሲሞላ ደግሞ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተከናንባ ቁጭ ትላለች። የማታውቀው ሰው ሁሉ ሲገባ ለእሷ እጅ ይነሣል፣ ጎል ሲገባ ይጮኽባታል። ለቅሶ ቤት ይሁን ሠርግ ቤት ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር።

በዐሥረኛው ቀን፣ የወገዳ መኪና ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይገኛል፣ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ የሄደ ሰው ይመለሳል፤ ሦስተኛ ከሄደች ግን እንደማትመለስ ልቤ ያውቀዋል። ክረምቱም እየመጣ ነው። ምን ጎደለሽ አልኋት። ምንም አልጎደለኝም፣ ሁሉ ሙሉ ነው፣ አለች። ሙሉ መሆኑስ እውነት ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ከወትሮው ዘግይታ ተመለሰች። እኩለ ቀን ላይ የነፍስ አባቷ ቄስ አለባቸው በበቅሎ ቤታችን መጡ። ከስማዳ ለገበያ መምጣታቸው ነው። ቄስ አለባቸው በወጣትነታቸው የዜማ ትምህርት ቤት ካለባት ቤተ ልሔም ደብር ወርደው ድጓ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ዜማውን ቢያቆሙም ድምፁ አላቆመም። እንደምን ዋላችሁ ሲሉ ቆርቆሯችን ይነዝራል። እግዜር ይመስገን፣ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ምሥጢር የሚባል ነገር በእሳቸው ጉሮሮ አያድርም። ምግብ ቀምሰው ሲያበቁ እናቴ፣ ከነፍስ አባቴ ጋር ጥቂት የምነጋገረው አለኝ፣ እስቲ ለብቻችን ተዉን አለች።

ለብቻ! በአዳራሽ ውስጥ! እንግዲህ ማን የት ይግባ? ባለ ርስቶቹ ሁላችንም ወደ ግቢ ወጣን። ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል። ግድግዳ በሌለበት ቤት ግን ጆሮ ምንም አይደክምም፤ ነገሩ ራሱ ከነእግሩ ይመጣል። የእናቴ ድምፅ አይሰማም። የእሳቸው ብቻ በተከፈተው መስኮት ይወርድብን ጀመር፤ እሳቸው ደግሞ የነገሯቸውን መድገም ልማዳቸው ነው።

«ምን ትያለሽ ወለተ ሥላሴ? ባሌን የማነባበት ቦታ አጣሁ ትያለሽ?»

አዝመራ የትንሿን ልጃችንን ጆሮ በሁለት እጇ ደፈነች። እኔ ወደ አጥሩ ሸሸሁ። ድምፁ ተከተለኝ።

«ስትጸልዪ ልጅሽ ተነሥቶ ምን ላምጣ ይላል? እንባሽን ስትጠርጊ ቤተሰቡ ይሰለፋል? ታዲያ ንገሪው እንጂ! … ለእኔ ብሎ የሠራው ነው፣ ይከፋዋል ትያለሽ? … ልጄን ጠልቼ አይደለም የምሄደው፣ የጎጆዬ በር ይዘጋልኛል ነው የምትይው?»

የሰው ኑዛዜ መስማት ኃጢአት ነው። አለመስማት ደግሞ እናቴን ማጣት ነው። እኔ በዚህ መካከል የአጥሩን እንጨት ይዤ እንደ ልጅ አለቀስሁ። ለካስ ሁለት ጊዜ የሄደችው ቤቱ ጠቧት አልነበረም። እኔ ስፋት ስለካ፣ እሷ የምትፈልገው አንድ ክንድ ከስንዝር በር ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸ ነው። ሚስቴ ደግሞ ላሟ የዋለችበትን ከዓመት በፊት ነግራኝ ነበር።

አሁን ችግሩ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ማለት አልችልም። የእናቴን ኑዛዜ አዳምጬ ግድግዳ ሠራሁልሽ ይባላል? ስለዚህ ራት ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ይህ አዳራሽ ይበርዳል፣ በተለይ በእናቴ አልጋ በኩል፣ አንድ ግድግዳ ሳያስፈልገው አይቀርም አልሁ። ወሩ ሚያዝያ ነው። ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ውሎ ሁላችንም ላባችንን እየጠረግን ነው። አዝመራ ፊቷን ሳታጠቁር፣ ፈገግም ሳትል፣ በጣም ይበርዳል፣ አለች። እናቴም ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ እኔስ አጥንቴ ድረስ ተሰምቶኛል፣ አለች። ዝም አይነቅዝም።

ማክሰኞ ጎረቤት በደቦ ወጣ። ጠዋት እንጨቱ ቆመ፣ ማገሩ ተመታ፤ ከሰዓት ጭቃው ከጭድ ጋር ተረገጠ። አዝመራ ጭቃውን ስትረግጥ የነበራት ዘፈንና ጉልበት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ታይቶ አያውቅም። ከመካሪዎቼ ውስጥ ሦስቱ፣ እኔ መጀመሪያውኑ ብዬህ ነበር፣ ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱ ያሉኝ ተቃራኒውን ነበር፤ ጭቃ የሚለጥፍን ሰው ግን ማን ይሞግታል? አናጢው በሩን ሠራ። ቁልፉን ገዝታ የመጣችው ሚስቴ ናት። መስኮቷንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ አወጣንላት። እናቴ ገብታ፣ በሩን ከውስጥ ዘግታ፣ እስኪመሽ አልወጣችም። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ፊቷ ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላየሁት ብርሃን ነበረው። ማናችንም አልተሰለፍንም።

ይኸው ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እኔ መዝገቤን ልቤ ሳይሰቀል አገላብጣለሁ። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ አለች። ዶሮዎቿም ከስማዳ መጥተዋል። የወገዳን መኪና የጠየቀ የለም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው። እኔ እሱን አመስግኜ አልጠግብም፤ ሚስቴንም፣ ጎረቤቴንም፣ የቄስ አለባቸውን ጉሮሮም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። የእናቴን ኑዛዜ መስማቴን ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ፣ ሰባ ስግደት አዘውብኝ፣ በዚህ ቦርጭ ጨርሼዋለሁ። ለእሷ ለራሷ ግን አልነገርኋትም። ባለፈው ሰሞን ቆረጥሁና በሯን አንኳኳሁ። ማነው አለችኝ። እኔ ነኝ ልጅሽ አልኋት። ግባ እስክትለኝ ጥቂት ቆየሁ። ገብቼ፣ እናቴ ይቅር በይኝ፣ ያን ዕለት ከቄስ አለባቸው ጋር ስትናዘዢ ግቢ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ሰባ ስግደትም ሰግጄበታለሁ አልኋት።

እናቴ ሳቀች። ኑዛዜዬንማ የዚያን ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ከእሳቸው ጋር ጨርሼ፣ ተፈትቼ ነው የተመለስሁ፣ አለችኝ። ቤት የመጡትማ ለጨዋታ ነው። ጮክ ብለው እንዲናገሩ የለመንኋቸው እኔ ነኝ፤ መስኮቱንም የከፈትሁት እኔው። እንዴት፣ ፊት ለፊት አትነግሪኝም ነበር? ብላት፣ ሚስትህ ዓመት ሙሉ ነግራህ ሰምተሃል? አንተ እኮ ልጄ የተነገረህን አትሰማም፣ የምትሰማው ያልተነገረህን ነው፣ አለች።

ያ ሁሉ ስግደቴስ፣ አልኋት ጉልበቴን እያሸሁ።

«ስግደት የትም ወድቆ አይቀርም። ሚስትህን ባልሰማህበት ይያዝልህ። በል አሁን፣ በሩን ገጠም አድርገህልኝ ሂድ።»