የኦቦ ኤጄታ ድርሻ

ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባለው መንገድ ዳር ብቻውን የተመረቀ ሰው የለም። ተመራቂው ጥቁሩን ጋዋን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ ቢቆምም፣ ከዳሱ ጥግ ብድግ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለዚህ ዲግሪ እኔም ድርሻ አለኝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የአምቦው ኦቦ ኤጄታ ይባላሉ።

ክቡር ኦቦ ኤጄታ፣ የዲግሪዎች ሁሉ ባለድርሻ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ራሳቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም፤ ይህ ግን ከድርሻቸው ቅንጣት አልቀነሰም። ኢብሳ በነርስነት የተመረቀ ዕለት፣ «ይህ ልጅ መጀመሪያ መርፌ የወጋው ማንን ነው? የኔን ክንድ!» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ለታዳሚው አሳዩ። የሲንቄን ዲግሪ የተካፈሉት ደግሞ በአውራ ዶሯቸው ነው። ልጅቷ ለፈተና ስታጠና ያለ ሰዓቱ እየጮኸ ቢያስቸግራት አርደውት ነበር። «ዲግሪው የሁለት ነው» አሉ በድግሷ ላይ፤ «የሲንቄና ነፍሱን ይማረውና የዶሮዬ።» ሰው ሁሉ ሲንከተከት እሳቸው ከምራቸው አዝነው ውሃ ጠጡ። ፈዬራ መሐንዲስ ሲሆንማ የጠየቁት ድርሻ ከሁሉም በለጠ። «በልጅነቱ ድልድይ ላይ ወድቆ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባላነሳው ኖሮ ዛሬ ማን ድልድይ ይሠራ ነበር?»

ንግግራቸውን የሚዘጉት በግጥም ነው። ዓይናቸውን ከደን አድርገው፣ ረጅም መንገድ ላይ እንደሚያንጎራጉር ሾፌር ድምፃቸውን ይስቡታል፦

ዛፉን ቢተክለውም አንድ ሰው ብቻውን፣
መንደር ይካፈላል ቀዝቃዛ ጥላውን።

ከዚያ በኦሮምኛ ይመርቃሉ፤ ዳሱም «ሃዬ! ሃዬ!» እያለ ይቀበላል።

በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ተራው የዱረቲ ሆነ። በግብርና ሁለተኛ ዲግሪዋን ስለጨረሰች፣ እናቷ አዴ ድንቅቱ ግቢያቸው ውስጥ ዳስ ጥለው በግ አሳረዱ። አማካሪዋ ዶክተር ሥዩምም ሊመጡ ነው። ዱረቲን ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ዶክተር ሥዩም ምንጭ ያልተጠቀሰበት ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ ኦቦ ኤጄታ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ምንጭ ጠቅሰው አያውቁም።

ጠዋት ቤታቸው ሄደች። ኦቦ ኤጄታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሻሉ።

«ዛሬ ዶክተሩ ይመጣሉ» አለቻቸው።

«ይምጣ እንጂ! ስለ እኔ ነገርሽው?»

«እንደው… ዛሬ ብቻ… ድርሻዎትን ባያነሱስ?»

ብሩሹ ቆመ። ሽማግሌው ጫማውን አገላብጠው አዩት።

«እሺ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ቃሌ ነው።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ኬኩ ተቆረሰ፣ አምቦ ውሃው እየተፍለቀለቀ ተቀዳ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ዘመሩ። ኦቦ ኤጄታ ጥግ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም። ሰው ምግቡን ትቶ እሳቸውን ያይ ጀመር።

«ኤጄታ ዛሬ ምን ነካቸው?»

«ዲግሪው ላይ የሆነ ነገር ቢኖር ነው እንጂ!»

«ወድቃ ይሆን እንዴ?»

«እኔ እኮ ገና ስገባ ጋዋኑ የሷ አይመስልም ብያለሁ።»

ወሬው ዳሱን ዞሮ አዴ ድንቅቱ ጋ ደረሰ። እናት ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጎተቷት። «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ በእርግጥ ጨርሰሻል?»

ዱረቲ ወደ ጥጉ ሮጠች። «ኦቦ ኤጄታ፣ እባክዎ ይነሱና ይናገሩ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ቃሉን መልሼልዎታለሁ!»

«አንዴ የተጫነ ዕቃ መንገድ ላይ አይራገፍም» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም። እሷን የወጋትም ይኸው ነው።

አጠገባቸው ቆማ ያለፈው ዓመት ክረምት ትዝ አላት። ለጥናቷ ሸነን የሚባል ገጠር ወርዳ ስለ ዘር አመራረጥ ገበሬዎችን ልትጠይቅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘች እንግዳ ያየ ሁሉ በሩን ሲዘጋባት፣ በሦስት ቀን ሁለት መጠይቅ ብቻ ሞልታ ነበር። ያን የሰሙት ኦቦ ኤጄታ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ደረሱ። ሠላሳ ዓመት እህሉን የጫኑለት ገበሬ እንዴት በር ይዘጋባቸዋል? ከፊቷ ከፊቷ እየሄዱ «ልጄ ናት» እያሉ አስገቧት። ዝናቡ ሲጥል መጠይቆቹን ደረታቸው ላይ፣ ከሸሚዛቸው ስር አድርገው፣ እሳቸው በስብሰው ወረቀቱ ደረቁን ገባ። ሁለት ሳምንት አሳላቸው። ስለ ዶሮና ስለ ክንድ ከተማውን ያደነቆሩ ሰው ይህን ለማንም አላወሩም፤ እንደ ክት ልብስ ለድግሷ ቀን አስቀምጠውት ነበር።

ዱረቲ ወደ መሃል ወጣች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለዚህ ዲግሪ ድርሻ ያለው ሰው አለ» አለች። ስለ ሸነን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሸሚዙ ተናገረች። ቀጥላም፣ «እንዲህ እያልን ስልሳ ቤት…»

«ሰማንያ አራት!» የሚል ነጎድጓድ ከጥጉ ወጣ።

ዶክተር ሥዩም ሳቃቸውን አፍነው፣ «ምንጭዎ ምንድን ነው አባቴ?» አሉ።

«ምንጩማ እኔ!» ኦቦ ኤጄታ ብድግ ብለው ነበር። «ቃሌን አልሰበርኩም፣ ሰው ሁሉ ይመስክር፤ ቁጥር ነው ያረምኩት!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው? ቁጥር እያረሙ አንድ ሰዓት ተናገሩ። በግጥም አለፉ፣ በምርቃት ደገሙ። ዳሱ «ሃዬ!» ሲል አዴ ድንቅቱ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ኦቦ ኤጄታ «ለዶክተሩም ትንሽ ድርሻ እንተውለት» ብለው ሲጨርሱ፣ ዶክተር ሥዩም ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

ፎቶ ሲነሱ ዱረቲ ጋዋኑንና ቆቡን አውልቃ መጀመሪያ እናቷን አለበሰች፤ ቀጥሎ ኦቦ ኤጄታን። ካሜራው ብልጭ እንዳለ ሽማግሌው ቆቡን አስተካክለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጋዋኑን እንደለበሱ ከዳሱ ወጥተው በአስፋልቱ ዳር ወደ ታች ወረዱ። ዱረቲ ልትጠራቸው በሩ ድረስ ደረሰችና ቆመች።

አንድ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገባቸው ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ኦቦ ኤጄታ! ተመረቁ እንዴ?»

«ትንሽ ቀርቶኝ ነበር» አሉ፤ «ዛሬ ጨረስኩ።»