የአባ አልፈርምም ውሎ በጉድለት ኮሚቴው በር

በዘመነ ጉድለት፣ የምክር ቤቱ አሳንሰር በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ ወንበሮቹ አዲስ ልብስ ይለብሳሉ ተብሎ ቃል በተገባ በአምስተኛው፣ ገንዘብ ሚኒስትሩ «ጥቂት ታገሡ» ካሉ ግን ስንተኛው እንደሆነ ቆጥሮ የሚያውቅ በጠፋበት በዚያ ዓመት የሆነውን እንጽፋለን፤ ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ፣ የኃያሉን፣ የቆራጡን፣ ከያዘው ወንበር ተነቅሎ የማያውቀውን እንደራሴ ዜና፣ የፈረስ ስሙ አባ አልፈርምም የተባለውን፣ ፈረስ ግን የሌለውን፣ መኪናውም እየተገፋች የምትነሣውን። ይህንን ስም ያገኘው በጦር ሜዳ አይደለም፤ አንድ ቀን በቃለ ጉባኤ ላይ ማዕረጉ ተዘሎ ቢያገኘው «አልፈርምም» ብሎ ቁጭ በማለቱ ነው።

ጸሐፊው ማነው የሚል ቢኖር፣ ባለታሪኩ ራሱ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ለመቅጠር በጀት አልተፈቀደለትም፤ ቢፈቀድለትም የሚጽፍለት ሰው መገኘቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ስለ ራሱ «እርሱ» እያለ ይጽፋል፤ «እኔ» እንዳይል ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል።

በዚያ ወራት የመንግሥት ወጪ ከገቢው በልጦ፣ ብልጫውም ከዓመት ዓመት እየሰባ ሄዶ፣ ሹማምንቱ ስሙን መጥራት ፈርተው «ያ ነገር» ይሉት ነበር። ምክር ቤቱም ለሁለት የተከፈለ ነበረ፤ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት የመስኮት ወገን፣ በበሩ በኩል የሚቀመጡት የበር ወገን ይባሉ ነበር። የመስኮት ወገን ጉድለቱን ያመጣው የበር ወገን ነው ይላል፤ የበር ወገንም ያመጣው የመስኮት ወገን ነው ይላል፤ በዚህ በአንዱ ነገር ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ሕዝቡ ማጉረምረም በጀመረ ጊዜ፣ ጉድለቱን የሚቀንስ ልዩ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ፤ ከየወገኑ ስድስት ስድስት ሰው እንዲሾም፣ እስከ ክረምቱ መግቢያ ካልተስማሙም በዝርዝር የሰፈረው ቅነሳ ሁሉ፣ ይኼ ይቅር ይኼ ይቆይ ሳይባል፣ በራሱ ጊዜ እንዲወርድ ተደነገገ። በዝርዝሩም ውስጥ፣ ከአንድ ድልድይ ጥገናና ከመንገድ መብራት ቀጥሎ፣ በአባ አልፈርምም የትውልድ ከተማ ያለችው ትንሿ ማዋለጃ ነበረች፤ እርሷ ከተዘጋች ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል ለመድረስ ግማሽ ቀን በኮረኮንች መንገድ መንገጫገጭ አለባት። የአባ አልፈርምም አንዲት ልጁም በዚያች ከተማ ከባሏ ጋር ትኖር ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇንም አርግዛ ክረምቱ ሲገባ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

በድንጋጌው መጨረሻ ላይ ደግሞ ለጌጥ ያህል አንዲት አንቀጽ ገብታ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ተስማምተው በጋራ ያቀረቡት ነገር ያለ ክርክር ይጸድቃል ትላለች። የገባችው ጋዜጠኞች አይተው ደስ እንዲላቸው ነው። ይጠቀምባታል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም ሹመቱ የተሰጠው እንዲህ ያለ ነገር እንዳይሆን ታስቦ ነው።

የሹመቱን ምሥጢር ለመረዳት ወደ ልጅቷ ሠርግ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ሠርግ ላይ አባ አልፈርምም ሙሽራዋን መርቆ ይቀመጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ማይክሮፎኑን ጨብጦ ስለ በጀት ጉድለት ተናገረ፤ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ፣ ሙዚቀኞቹም መሣሪያቸውን ወደ ማኅደሩ እስኪመልሱ ድረስ ተናገረ። በዚህ መካከል የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የበር ወገን እንደራሴ የሆነው፣ ከአፉ ቃል ስለማይወጣ አባ ዝም የሚባለው፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ አንኮራፋ። ማንኮራፋቱም በማይክሮፎኑ ገብቶ አዳራሹን ሞላው፣ ሠርገኛውም በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አማቾች በአንድ ምክር ቤት ጣሪያ ሥር እየዋሉ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ተነፋፈጉ። የሁለቱም ፓርቲዎች ተጠሪዎች በሠርጉ ላይ ተጋብዘው ነበርና ይህንን አይተው በልባቸው አኖሩት።

ስለዚህ የመስኮት ወገን ተጠሪ አባላቱን ሰብስቦ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ስሙ! ለኮሚቴው የምንሾመው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቁጥር ሲያይ ልቡ ይራራል። የምንፈልገው ከነዚያ ጋር ሞቶም የማይስማማ ሰው ነው። ይኼ ሰውዬ ደግሞ የሚስቱን ወንድም እንኳ ሰላም አይልም። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» የበር ወገን ተጠሪም በዚያው ቀን፣ በፎቁ በሌላኛው ጫፍ፣ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እነሱ ያንን ሰውዬ ከሾሙ እኛም አማቹን አባ ዝምን እንሾማለን። ይፋጠጡ። የተሰበሰቡ ይመስላል፣ የሚወጣ ነገር ግን አይኖርም።»

አባ አልፈርምም ግን ይህንን አዋጅ ሙሉውን አልሰማም፤ የደረሰው የመጨረሻው ጭብጨባ ላይ ነው። በዕውቀቱ የተሾመ መስሎት ክራባት ገዛ፣ ጫማውንም አስጠረገ፣ ጎረቤቶቹም «እንኳን ደስ ያለህ» እስኪሉት ድረስ በራቸው ላይ ሦስት ጊዜ ያህል ያለ ምክንያት አለፈ። ይህንን የምንጽፈው ለእውነት ብለን ነው እንጂ ባንጽፈው ይሻለን ነበር።

ከእርሱ ጋር የዘመቱትም እነዚህ ነበሩ፤ ስብሰባ ረግጦ በመውጣት የታወቀው፣ ኮቱን ሳያወልቅ የሚቀመጠው ነጋዴ፤ «ይጠና» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያልተሰማበት የቀድሞ መምህር፤ ዓይኑን ገልጦ መተኛት የሚችለው ጠበቃ፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ሌላ ጥያቄ የምትጠይቀው የማኅበር ሊቀ መንበር፤ እንዲሁም ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ያለ፣ መልኩን ግን ማንም ያላየው አንድ አባል። በግሉ ያስከተላቸው ደግሞ መኪናዋን የሚነዳውም የሚገፋውም ሾፌሩ፣ እና ስልኩን የምትመልስለት ጸሐፊው ነበሩ። በወዲያኛው ወገን የተሰለፉትም ከነዚህ በምንም አይሻሉም፣ ይህንን ስንል ግን ለእኛ ወገን ማድላታችን አይደለም።

ወኮነ ሶበ ተጋብኡ፣ በተሰበሰቡም ጊዜ የመጀመሪያው ክርክር የጠረጴዛው ራስ የቱ ጋ ነው የሚል ሆነ። ጠረጴዛው በክብ ተለወጠ። ቀጥሎም በክብ ጠረጴዛ ላይ መስኮትና በር እንዴት ይለያል የሚል ክርክር ተነሣ፤ መሐል ላይ የውሃ ማሰሮ ተቀምጦ ድንበር ሆነ፤ ከዚያም ማሰሮው ወደ እኛ ተጠግቷል፣ ወደ እነርሱ ተጠግቷል ሲባባሉ ሳምንታት አለፉ። አባ አልፈርምም በእነዚህ ቀናት ሁሉ ፊቱን ወደ ማሰሮው አድርጎ፣ አማቹን ላለማየት አንገቱን አጣሞ ተቀመጠ፤ አንገቱም ያዘውና ሚስቱ ማታ ማታ ትቀባው ነበር። ተጠሪው ግን እጅግ ደስ ብሎት ጀርባውን መታ መታ ያደርገው ነበር።

የክረምቱም መግቢያ በቀረበ ጊዜ ልጅቷ ለእናቷ ደውላ፣ ማዋለጃው ሊዘጋ ስለሆነ አዋላጇ ዕቃዋን መሸከፍ ጀምራለች ብላ ነገረቻት፤ ነግራትም አለቀሰች። የቤቱ እመቤት ያን ዕለት ሳሎን መሐል ቆመች፤ ባሏን ሶፋው ላይ፣ ወንድሟን በስልኩ ድምፅ ማጉያ አቁማ አንድ አዋጅ ለሁለቱም አወጀች፦ «ስሙኝ ሁለታችሁም። እኔ ከዛሬ ጀምሮ የመስኮትም የበርም አይደለሁም። ልጄ መንገድ ላይ ምጥ ይዟት አንድ ነገር ብትሆን፣ አንተንም ባሌ አልልህም፣ አንተንም ወንድሜ አልልህም። አንድ ቃል መነጋገር አቅቷችሁ ነው እንጂ አንቀጿ እንደሆነች እዚያው አለች። ጨርሻለሁ።» ስልኩም ተዘጋ። አባ አልፈርምም በዚያ ጊዜ ስለ ራሱ ማሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደው፤ ልጁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትፈራ እርሱን እንደማትጠራ ትዝ አለው።

በመጨረሻውም የስብሰባ ቀን፣ በጠዋት፣ ታላቁ ዘመቻ ሆነ። የኮሚቴው ክፍል በር ባለ ሁለት መዝጊያ ሲሆን የአንደኛው ቁልፍ ስለጠፋ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው፣ በተለይ እነዚህን የመሰለ ሆድ ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ አብረው አያልፉበትም። ስለዚህ አማቾቹ እስከዚያ ቀን ድረስ አንዱ ከገባ በኋላ ሌላው እየመጣ ነበር የሚተላለፉት። ያን ቀን ግን አባ አልፈርምም ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ቆመ፤ ሾፌሩን ደረጃው ላይ፣ ጸሐፊዋን መታጠፊያው ላይ አቆመ፣ በልቡም ሌሊቱን ያዘጋጀውን ባለ ሦስት ክፍል ንግግር ይዞ ነበር። አባ ዝም ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ንግግሩ ሦስቱም ክፍል ከነመግቢያው ጠፋ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አማቹም ጉሮሮውን ጠረገ፤ ይህም የጉሮሮ ተኩስ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ጊዜ ቀጠለ፤ ከዚያም አባ አልፈርምም በቀጭን ድምፅ አዋጅ አስነገረ፤ አዋጁም ይህ ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ ልጅቷ ደርሳለች።»

አባ ዝምም በብዙ ዓመት ውስጥ ከአፉ ያልወጣውን ያህል ረጅም አዋጅ መለሰ፦ «አውቃለሁ። ማታ ማታ እደውልላታለሁ። እግሯ አብጧል፣ ፍርሃትም ይዟታል። አንተ መቼ ነው የደወልክላት? ስለ ሠርጉም ባትጠይቀኝም ልንገርህ። ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ስደረድርና አምፖል ስሰቅል አድሬ ነው እንቅልፍ የጣለኝ፤ ለእሷ ብዬ። ንግግርህ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተኝቶ ያደረንም ሰው ያስተኛል።»

አባ አልፈርምም ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸከመው ቂም በእጁ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ቀለለበት፣ ይህንን ያህል ጊዜ ለምን እንደተሸከመውም ግራ ገባው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ፣ ጉንፋን ነው ብሎ ግን አሳበበ። በሩን በአንድ እጁ ያዘና ሁለተኛውን አዋጁን አስነገረ፦ «ይቅደሙ፣ ጋሼ።» በምክር ቤቱ ታሪክ የመስኮት ወገን ለበር ወገን መንገድ የለቀቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ምስክሮቹም ሾፌሩና ጸሐፊዋ ናቸው፣ ጸሐፊዋም ስልኩ ሲጮህ አላነሣችም።

ሁለቱም ገብተው ጎን ለጎን ቆሙ፤ አባ አልፈርምም የጋራውን አዋጅ አሰማ፦ «እኔና ጋሼ ከሁለቱም ወገን ሆነን ማዋለጃዋ ከዝርዝሩ እንድትወጣ በጋራ አቅርበናል። አንቀጿም ይኸውላችሁ።» ዓይኑን ገልጦ የተኛው ጠበቃ ነቃ። ነጋዴው ረግጦ ለመውጣት ተነሥቶ፣ በማን ላይ ተቆጥቶ እንደሚወጣ ስላልገባው ተመልሶ ተቀመጠ። መምህሩ «ይጠና» አለ፤ ተጠና፣ አንቀጿም በእርግጥ ተገኘች፣ ማዋለጃዋም ተረፈች። ጀግኖቹ ወደ ድልድዩና ወደ መብራቱ ሊቀጥሉ ወረቀት ሲያገላብጡ ግን ሁለቱ ተጠሪዎች ሮጠው ደረሱና፣ በአንድ ቀንና በአንድ ቃል፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል አንዱ በበሩ በኩል ቆመው፣ እያንዳንዳቸው ወደ ራሳቸው ሰው እየጠቆሙ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይህ ሰው ከዚያኛው ወገን ጋር ሲስማማ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ከአሁን ጀምሮ ከኮሚቴው ተነሥቷል።» ኮሚቴውም ሳይስማማ ተበተነ፣ በዝርዝሩ የቀረውም ቅነሳ ሁሉ በራሱ ጊዜ ወረደ። ድልድዩ አልተጠገነም፣ መንገዱም ጨለመ፣ ጉድለቱ ደግሞ በማዋለጃዋ ወጪ ልክ ሊሆን ከነበረው ሰፋ፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ድል አድርገናል ብለው መግለጫ ሰጡ።

ከዚህም በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ፣ ከኮሚቴው የተሻሩት ሁለቱ አማቾች በምትገፋው መኪና ተሳፍረው፣ ዳገቱ ላይ ሁለቱም ወርደው እየገፉ፣ ጭቃ ለብሰው ማዋለጃዋ ደረሱ። እኩለ ቀን ላይ አዋላጇ በሩን ከፍታ አዋጅ አስነገረች፦ «ሴት ናት። እናትየዋም ደኅና ናት። ጫማችሁን አውልቁና በቀስታ ግቡ።» አባ አልፈርምም፣ እንደ አያትነቱም እንደ ማዕረጉም፣ ቀድሞ ገብቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ልጁ ግን አልጋው ላይ እንደተጋደመች፣ በደከመ ድምፅ፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «መጀመሪያ አጎቴ ይያዛት።»

ሰላም ለጉሮሮው፣ ከብዙ ማጥራት በኋላ አንድ እውነተኛ ቃል ላወጣው። ሰላም ለጉልበቱ፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን በሩ ላይ ለቆመው። ሰላም ለትከሻው፣ ጉድለቱን ባይሸከም መኪናዋን ለገፋው። ሰላም ለጆሮው፣ የልጁን አዋጅ ሰምቶ ላልተከራከረው። ከአንበሳ የበረታ፣ ከተራራ የጸና፣ በሾሙት ዘንድ የተናቀ፣ በሻሩት ዘንድ የተረሳ፣ በሚስቱ ዘንድ ግን እንደገና ባል የተባለ አባ አልፈርምም፣ ዝናው ለትውልድ ይድረስ፤ እጁን እንደዘረጋ፣ ጋሼ ሕፃኗን እያየ ሳይጠግብ ሲቆይ፣ ምንም ሳይናገር ተራውን ጠብቋልና።