ለዒድ የተቀመጠው ጥሩር

ገዝቶ የማይለብስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ሐይቅ ከተማ ከእንዲህ ዓይነቷ ጋር አንድ ቤት እኖራለሁ። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ከዓረብ አገር ይዛው የመጣችው ልብስ እስከ ዛሬ ከሻንጣ አልወጣም።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ላይ ያለውን የጀግኖችና የዘንዶ ጌም አስተማርኳት። እሷ እቴ! ከውጊያው ይልቅ ገበያውን ወደደችው። የጌሙን ነጋዴ "ወላሂ ውድ ነው፣ ቀንስ!" ብላ ስትለምነው ዋለች። እሱ መች ይሰማል? በመጨረሻ ምርጡን የብረት ጥሩር፣ ማለትም እሳትም ሰይፍም የማይበሳውን የጦር ልብስ ገዛች። ከዚያ ጀግናዋን በስስ ቀሚስ ወደ ዘንዶው ዋሻ ሰደደቻት። ዘንዶው እሳቱን አንዴ እፍ ሲልባት ሞተች። ደግማ ገባች፤ ደግማ ሞተች።

"እታለም፣ ጥሩሩስ የት አለ?" አልኳት።

"ከረጢት ውስጥ ነዋ።"

"ለምን አታለብሻትም?"

"አዲስ እኮ ነው! ለዒድ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እሷ ከሞተች ዒድን ማን ሊያከብር ነው?"

ዘይነባ "ቢስሚላህ" ብላ ከረጢቱን ከፈተችና "ልበስ" የሚለውን ነካች። ጀግናዋ ከራስ እስከ እግሯ አብረቀረቀች! ዘንዶው እሳቱን ቢተፋ ንቅንቅ አላለችም። በሰይፍ ስትደጋግምለት እኔ ብድግ ብዬ "በይው! በይው!" እላለሁ። ዘንዶው ተዘረረ።

ዘይነባ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው ገቡ።

"ምነው፣ ማን ተዳረ?"

"ማንም አልተዳረም!" አለች እህቴ እያለከለከች፤ "ለብሼው ነው!"