ሊማሊሞን በአቋራጭ

አቋራጭ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ ደባርቅ አብሮኝ የሚያስተምረው መምህር ጋሻው። ይህ ሰው ኮምፒውተር ላይ ጌም ሲጫወት ከተራራ ጫፍ ይዘላል፤ መሬት ሊደርስ ሲል በእጁ ከያዘው ባልዲ ውሃ ያፈስና ውሃው ላይ ያርፋል። ምንም አይሆንም! ጌሙን በስንት ደቂቃ እንደጨረሰ ሳይነግረን የዋለበት ቀን የለም። ለእሱ ጠመዝማዛ መንገድ የሰነፍ ፈጠራ ነው።

ባለፈው አዲ አርቃይ ለቅሶ ስንሄድ የአውቶብሳችን ጎማ ሊማሊሞ ላይ ፈነዳ። ጋሻው ቁልቁል አየና፣ «መንገዱ እኮ ያውና ከታች! ቀጥ ብሎ ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ ነው» አለ። ብዙም ሳይቆይ ገደሉ መሀል በአንድ እጁ ቁጥቋጦ አቅፎ ቀረ። በሌላው እጁ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ይዟል። እንግዲህ ይህን አፍስሶ ሊያርፍበት ይሆን?

በመንገዱ አህያቸውን እየነዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ከላይ ቆመው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ማን አባረረህ?»

«ማንም አባቴ፤ ለቅሶ ቶሎ ልድረስ ብዬ ነው።»

«ከለቀስተኛው ጋር ነው ከሟቹ ጋር?»

ይህን ብለው የአህያዋን ጭነት ፈቱና በገመዱ ጎትተው አወጡት።

እናንተ ግን ይህን ሁሉ የት ሆኜ እንዳየሁ አልጠየቃችሁኝም። ሽማግሌው ገመዱን እንደገና ሲጥሉት ስላጠረ ጋቢያቸውን ቀጠሉበት፤ እኔ ከጋሻው በታች ነበርኩ።