አንድ ድራይቭ ወይስ ሁለት?

አቋም የሌለው ጡረተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በተለይ በንጉሡ ዘመን ተማሪ የነበረ ከሆነ ሻይ እንኳ ያለ አጀንዳ አይጠጣም።

የሳን ሆዜው ጋሽ መኮንን በጎልማሳነታቸው ፕሮግራም የጻፉበት ዓይነት ፍሎፒ ዲስክ በድራይቭ እየተከተተ የሚሠራ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር አማራቸው። ያምራቸው! ጥፋቱ የኦክላንዱን የልብ ጓደኛቸውን ጋሽ በቀለን ማማከራቸው ነው።

«የጻፍኩትን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ብቻውን አንድ ዲስክ ይሞላል። ሁለት ድራይቭ ያስፈልጋል» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ዲስኩን እየቀያየርክ በአንድ ትሠራለህ። ሁለት ድራይቭ የቡርዧ ቅንጦት ነው!» አሉ ጋሽ በቀለ።

አለቀ። እኔን፣ ምን አገባህ ሳይሉ፣ ሰብሳቢ አደረጉኝ። በዙም ስንት ጊዜ ተሰበሰብን! በመጨረሻ ጋሽ በቀለ «ከአድርባይ ጋር አልቀመጥም» ብለው ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። አሁን ሰርግ ላይ እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ እኔ በሁለቱ ጠረጴዛ መሀል ስመላለስ ምግቤ ይቀዘቅዛል።

ትናንት መረረኝና ለጋሽ መኮንን ደወልኩ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ አንዱን ድራይቭ ይሰኩና ይሞክሩት!»

«ምኑ ላይ ነው የምሰካው?» አሉኝ ተቆጥተው። «መስመሩ ሳይጠራ ኮምፒውተር ይገዛል እንዴ?»