ጌጡ ወደ ነገ የተወሰደ ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ ሰፊው ጌጡ የስፌት መኪናው ላይ አንገቱን ደፍቶ ሕልም አየ። አሳቡ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ዓይኑን ከደን ሊያደርግ ነበር። የጌጡን ሁለት ደቂቃ ደግሞ ደሴ ፒያሳ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ሰውየው ሲሰፋ እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደው። ችግሩ አፉ ላይ ነው። «መጣሁ» ካለ መሄዱ ነው። በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ካለ ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። «ለበዓል ይደርሳል» ካለ የትኛው በዓል እንደሆነ አለመጠየቅ ይሻላል። «ነገ» ካለ ግን ትርጉሙን እሱም አያውቀው። ደንበኞቹ ለምደውታል። የገና ልብሳቸውን ለፋሲካ ይለብሱና ስፌቱን አይተው ይቅር ይሉታል።

ስንዱ ግን የሱሪ ደንበኛ አይደለችም። ከሱቁ አጠገብ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ሰባት ዓመት ሙሉ «ሽማግሌ እልካለሁ» እያለ ዛሬ ነገ ሲላት ኖሯል። ይወዳታል፤ ከእሷ ሌላ ሴት አስቦም አያውቅ። ረቡዕ ማታ ሱቋን ዘግታ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ጌጡ፣ የኮምቦልቻው ሹፌር እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቴም ደክሞታል» አለችው።

«ምኑ ነው ያደከመው?»

«አንተን መጠበቁ ነዋ።»

«በቃ፣ ነገ የኔዎቹ ይመጣሉ። ጋሽ ይመርን ነው የምልከው።»

«ነገ ስትል ሐሙስን ነው?»

«ምን ነካሽ ስንዱዬ፣ ነገማ ሐሙስ አይደል?»

ሐሙስ ነጋ። ጌጡ ጠዋት አንድ ሱሪ አሳጠረ። ጋሽ ይመር ዘንድ ከምሳ በኋላ ብሄድ ይሻላል፣ ሽማግሌ በባዶ ሆድ አይለመንም አለ። ምሳውን በላ። እሑድ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል ብሎ በሙሉ ልብ አንገቱን ደፋ።

በሕልሙ ሱቁን ሲከፍት ደንበኞቹ ቀድመውት ገብተው ሜትር ይዘው ቆመዋል። ካምና ቀሚሷን የተቀበላትና እስካሁን ያልሰጣት ወይዘሮ ደብሬ ጠጋ ብላ ወገቡን ለካችው።

«ይቅርታ አድርግልኝ ጌጡ፣ ቀሚሱን ሳትሰፋው ለብሼ ጨረስኩት» አለችው።

«የቱን ቀሚስ?»

«ያልሰፋኸውን። ክንዱ ላይ ሳስቷል። ሌላ ስፋልኝ።»

ጌጡ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይገኝም ብሎ ደስ እያለው ወጣ። በዚያች ከተማ የሐበሻ ቀጠሮ ተገልብጧል። ሁሉም ሰው ከሰዓቱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፣ ማንንም ስለማያገኝ ተቆጥቶ ይሄዳል። አውቶብሱ ተሳፋሪ ሳይመጣ ሄዷል፤ ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደርሰዋል። አንድ ድንኳን ውስጥ ሙሽራውና ሙሽራዋ ብቻቸውን ተቀምጠው ባዶ ትሪ ያያሉ። ሠርገኛው ከትናንት ወዲያ መጥቶ፣ በልቶ፣ ጨፍሮ፣ «ዓመት ዓመት ያድርስልን» ብሎ ወደ ቤቱ ገብቷል።

ቀበሌው ደጃፍ ላይ ሊቀመንበሩና ሠራተኞቹ በፀሐይ ተሰልፈዋል። እያንዳንዳቸው ማኅተም ይዘዋል። ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ፣ እማማ ጣይቱ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«እማማ፣ ጉዳይዎን እንፈጽምልዎ?» አለ ሊቀመንበሩ በመስኮት።

«ዛሬ አይመቸኝም። ሰኞ ተመለሱ።»

«አራተኛ ሰኟችን እኮ ነው፣ እማማ።»

«የዛሬ ስድስት ዓመት የጀመርኩት ጉዳይ ነው፤ እናንተ ገና አልሞቃችሁም። ቀጣይ» አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ።

ጌጡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይህች ከተማ ለእሱ የተሠራች መሰለው። ሳቁን ሳይጨርስ ሦስት የሰቡ ሙክቶች መንገዱን ዘጉት። ነጫጭ ጋቢ ደርበዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ጢማቸው ተበጥሯል።

«ኖር አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ ትልቁ ሙክት፣ እንደ ሽማግሌ ወግ። «ከስንዱ ዘንድ ተልከን ነው። ልጃችንን አግባልን ብለን ልንለምን መጣን።»

ጌጡ ኮራ። ሴት ሽማግሌ ልካ ወንድ የምታስለምንበት አገር ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነው።

«ለሠርጉ የምትታረዱት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«እኛው ነን።»

«ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ?»

ትልቁ ሙክት አዘነ። «ሰባት ዓመት ለዚያ ቀን ሰባን። አሁን ጥርሳችን ረግፏል። ሥጋችን ለወጥ መሆኑ ቀርቶ ለጫማ ሶል ነው የሚሆነው። ሁሉም በጊዜው ሲሆን ነው የሚያምር፤ የሙክትን ቀጠሮ የሚያከብር ግን የለም።»

ጌጡ ጎሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌ የመጣበት ቤት ምን እንደሚል ያውቃል። ልጅ የሚጠየቅ አባት ሁሉ የሚለውን እሱም አለ።

«እንግዲህ ዘመድ ላማክር። ነገ ኑ።»

ሙክቶቹ ተያዩ። የመሐለኛው ከዘራውን አነሣ።

«ነገ አለ። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አሉ ሁለቱ።

«ስማ ጌጡ፣ እዚህ ከተማ ሰው በአፉ የጠራው ጊዜ ውስጥ ይኖራል። አሁን ያለ አሁን ይኖራል። ነገ ያለ ነገ ይገባል።»

ብብቱን ይዘው ድልድይ አሻገሩት።

ነገ ሰፊ ሜዳ ነበር። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ሥር ልትወጣ ደርሳ ቀርታለች፤ ሰማዩ ይቀላል፣ አይነጋም። ሜዳው ላይ በርጩማ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፣ በየበርጩማው ላይም ሰው ተቀምጧል። አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ኮት የለበሰ መምህር አለ። ሱሪው ገና ያልተሰፋለት ሙሽራ በሁለት እጁ ወገቡን ይዟል። ማንም አልተቆጣም። ሁሉም ጌጡን ሲያዩ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እጅ ነሡት።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አላቸው።

«ነገ ኑ ብለኸን ነዋ» አለ መምህሩ፣ በትሕትና።

ጌጡ እዚህም ቢሆን አልደነገጠም። ስሌቱ ቀላል ነበር። በዚህ ዓለም ላይ እንደ ስንዱ ነገ የተባለ ሰው የለም። ስለዚህ ከሁሉም ፊት ተቀምጣ እየጠበቀችው ነው። ልቡ ሞቀ። ኮቱን አስተካክሎ በየረድፉ መሀል ሄደ፤ ዳር ደረሰ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። መጨረሻ ላይ በር የምትጠብቀውን ዶሮ ጠየቃት።

«ስንዱን ፈልጌ ነበር። ክርና ቁልፍ የምትሸጠዋን።»

«የለችም።»

«መኖርማ አለባት። ሰባት ዓመት ሙሉ ወደዚህ ነው የላክኋት።»

«ኖራለች። በርጩማዋ ያውና» አለች ዶሮዋ በአንገቷ እያሳየች። «ዛሬ ጠዋት ተነሥታ ወደ ዛሬ ሄደች።»

«እኔስ በየት በኩል ነው የምሄደው?»

«አንተ?» አለችና ዶሮዋ አንድ ዓይኗን ከደነች። «ነገ ጠይቀኝ።»

ያኔ ጌጡ ፈራ። ሕልሙ ከተጀመረ፣ ምናልባትም ከተወለደ ጀምሮ፣ እንዲያ ፈርቶ አያውቅም። በርጩማዋ ትንሽ ናት፣ መሐሏ በመቀመጥ ብዛት ጎድጉዷል። ሰባት ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ጊዜ ገባው። ወደ ድልድዩ ሊሮጥ ፈለገ። ስሟን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው «መጣሁ፣ መጣሁ» የሚል ብቻ ነው፤ መጣሁ ባለ ቁጥር ደግሞ እግሩ ከድልድዩ እየራቀ ይሄዳል።

አንድ እጅ ትከሻውን ነቀነቀው።

ስንዱ ነበረች። ጌጡ ቀና ሲል የመኪናው ጠርዝ ጉንጩ ላይ ታትሟል፣ ሰዓቱም አሥር ሆኗል። ዘሎ ተነሣ። እጇን ያዘ።

«ስንዱዬ፣ አሁን ነው የምሄደው። ከአሁን በኋላ ነገ የሚባል የለም። አሁን፣ በዚች ቅጽበት፣ ጋሽ ይመርን አነሣቸዋለሁ።»

ከልቡ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የተናገረውን ሁሉ ቢደምሩት የዚህን ያህል እውነት አይወጣውም። አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከተተ።

«ጋሽ ይመር ቤታቸው የሉም» አለች ስንዱ።

«የት ሄዱ?»

«አባቴ ቤት ናቸው፣ እየተጋበዙ። ሹፌሩ እሑድ መንገድ ስለወጣበት ቀጠሮውን ለዛሬ አደረገው። ተናጋሪ ሁኑልኝ ብሎ እሳቸውን ለመናቸው።»

«እሳቸው እኮ የኔ ሽማግሌ ናቸው።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቀውሃል። ጌጡ ይልከኝ ይሆናል፣ ቃሌን ለሌላ አልሰጥም ብለው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስትቀር ሄዱ።»

ጌጡ ሌላኛውን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«አባትሽ ምን አሉ?»

«ዘመድ ላማክር እንኳን አላለም። እሺ አለ። እኔንም ጠየቁኝ።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኩ፣ ጌጡ። ሠርጉ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አልቅሳ ጨርሳ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ይናገራል። ጌጡ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋበት፣ ዓይኑን ከፊቷ ሲያነሣ ብብቷ ሥር የታቀፈችውን ነጭ ጨርቅ አየ። ጨርቅ ሲያይ ወትሮም ልቡ ይመለሳል።

«ቢያንስ ቀሚሱን እኔ ልስፋልሽ» አላት። «በዚህ ከተማ እንደኔ አድርጎ የሚሰፋልሽ ሰው የለም።»

«እሱስ የለም» አለች፣ ከልቧ።

ጨርቁን በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። መንገዱን አየች፣ መልሳ ጌጡን አየችው።

«ግን እኮ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ» አለችና ወደ ማዶው ሰፊ ተሻገረች።