«ዛሬ አቶ ይማም ይገባሉ»

አሳድጎ ያስተማረውን ልጅ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ግራ መጋባቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ለሠርግ ከጄኔቫ ዙሪክ ስሄድ፣ ቪዲኮን ሰፈር የማን ቤት እንደሆነ ሳላውቅ በስልክ መተግበሪያ አንድ ክፍል ተከራየሁ። በሩን የከፈቱት የአባቴ የደሴ ጓደኛ ጋሽ ሰይድ ናቸው! ላቅፋቸው ስል ወደ ኋላ ሸሹ። መተግበሪያው ስልካቸው ላይ የላከው መልእክት «ዛሬ አቶ ይማም ይገባሉ፤ ማንነታቸውን ሳያረጋግጡ አያስገቡ» ይላል። ይማም አባቴ ነው።

«ይማምን በእጄ ነው የቀበርኩት» አሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እዚህ አገር እኮ በአባት ስም ነው የሚጠሩን። የተከራየሁት እኔ ከማል ነኝ።»

«አንተንማ አሳድጌህ! የተጻፈው ግን ይማም ነው።»

ፓስፖርቴን ሰጠኋቸው። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ፎቶውን አዩ። «ቁርጥ አባትህን!» ብለው እንባ ቀደማቸው። ይኼ ማረጋገጥ ነው ወይስ ለቅሶ?

በመጨረሻ «ተከራይ ሆነህ አትገባም፤ እንግዳ ሆነህ ግባ» ብለው ምሳ አቀረቡልኝ። እኔ ስጎርስ እሳቸው ስልኩ ላይ መልስ ጻፉ፦ «አቶ ይማም አልመጡም።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሳላስበው ወደ በሩ ዞር አልኩ።